ለክፉ ቀን የተቀመጠ ቅጂ

ጁን 1975፣ ፓሎ አልቶ፣ ካሊፎርኒያ። (ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም እላለሁ።) በአንድ ሆቴል ውስጥ አልቴር የተባለ አዲስ ኮምፒውተር ለተመልካች ቀርቧል። ማሽኑን የሚያናግረው ቤዚክ የተባለው ፕሮግራም ያለው ረጅም የወረቀት ጥቅል ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ቀለም የለም፤ በተርታ የተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብቻ። ማንበቢያው ወረቀቱን እየጎተተ ቀዳዳውን ይለቅማል፣ ኮምፒውተሩም የሰማውን ይይዛል።

በዚያ ትዕይንት ላይ ከጥቅሎቹ አንዱ ከአዳራሹ ወጣ። ከዚያ በአካባቢው በነበረው የኮምፒውተር አፍቃሪዎች ክለብ፣ በሆምብሪው፣ ስብሰባ ላይ ካርቶን ሙሉ ቅጂ ቀረበ። ደንቡ አጭር ነበር፦ አንድ የወሰደ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት አባዝቶ ይምጣ። ቤዚክን ከጻፉት ወጣቶች አንዱ ቢል ጌትስ ይባላል፤ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1976 ለእነዚሁ አፍቃሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈላቸው። አልቴር ከገዙት ሰዎች ቤዚክን በገንዘቡ የገዛው ከ10 በመቶ በታች መሆኑን ነግሮ፣ የቀራችሁት ሰርቃችሁኛል አላቸው። ደብዳቤው ብዙ ሰው አስቆጣ። አንድ ጥያቄ ግን ከዚያ ወዲህ ከጠረጴዛው አልተነሣም፦ ፕሮግራም የገዛ ሰው የገዛው ምንድን ነው?

የቅጂ መብት ሕግ እስከዚያ ድረስ በዋናነት የሚያውቀው መጽሐፍን፣ ሙዚቃን፣ ፊልምንና ሥዕልን ነው። መጽሐፍ ስታነቡት አይባዛም። ሸክላም ስታዘፍኑት ያው አንዱ ሸክላ ነው። ኮምፒውተር ግን ፕሮግራሙን ለማሠራት መጀመሪያ ወደ ራሱ ማኅደረ ትውስታ መገልበጥ አለበት። ስለዚህ ሕጉን እንደ ፊደሉ ካነበብነው፣ በገንዘቡ የገዛውን ፕሮግራም የከፈተ ሰው ሁሉ ሳይፈቀድለት አባዝቷል ማለት ነው። ሌላም አለ። መጽሐፍ ቢቀደድ የተረፈው ገጽ ይነበባል። ፕሮግራም ግን በአንዲት የተበላሸች ነጥብ ምክንያት ከነጭራሹ አልነሣም ሊል ይችላል።

የአሜሪካ ኮንግረስ ይህን እንዲመረምር በ1974 ልዩ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ የመጨረሻ ሪፖርቱን ያቀረበው በጁላይ 1978 ነው። ያቀረበው ሐሳብ እስካሁን ካነበብኳቸው የሕግ ምክሮች ሁሉ ለተራው ሰው የቀረበ ነው፦ ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ለማሠራት ሲል ይገልብጠው፣ እንዳይጠፋበትም መጠባበቂያ ቅጂ ያስቀምጥ። የምክሩ ምክንያትም ተጽፏል፤ ፕሮግራሙ በመካኒክም ሆነ በኤሌክትሪክ ብልሽት ቢጠፋ ባለቤቱ ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው። ይህች “የመካኒክ ወይም የኤሌክትሪክ ብልሽት” የምትል ምክንያት ኋላ ብዙ ጣጣ ታመጣለች።

ዲሴምበር 12 ቀን 1980 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙበት ሕግ በዋናነት ስለ ፓተንት የሚናገር ነበር። የኮምፒውተር ፕሮግራም ጉዳይ በጀርባው ታዝሎ ነው ያለፈው። አንቀጽ 117 የምትባለው ድንጋጌ በጥቂት መስመር ሁለት ነገር ፈቀደች፦ ፕሮግራሙን ለማሠራት የግድ የሚያስፈልግ ቅጂ፣ እና ለመጠባበቂያ ብቻ የሚቀመጥ ቅጂ። ዋናውን የሸጠ ወይም የሰጠ ሰው መጠባበቂያውን አብሮ ማስረከብ ወይም ማጥፋት አለበት። ኮንግረስ የኮሚሽኑን ቃል እንዳለ ሲወስድ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነካ አደረገ። ኮሚሽኑ መብቱን የሰጠው ፕሮግራሙን “በሕጋዊ መንገድ ለያዘ” ሰው ነበር፤ ኮንግረስ “ለቅጂው ባለቤት” አለው። ያኔ ልዩነቱን ልብ ያለው ጥቂት ነው። ከዓመታት በኋላ ኩባንያዎቹ “እኛ ፕሮግራም አንሸጥም፣ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው የምንሰጠው” ማለት ሲጀምሩ የተንጠለጠሉት በዚያች አንዲት ቃል ላይ ነው። ፈቃድ የተሰጠው ሰው ባለቤት አይባልማ።

የጌሞች መጠባበቂያ ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት የመጣው ሕጉ ከወጣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ነው።

በ1983 ኢሊኖይ ውስጥ ጄኤስ ኤንድ ኤ የሚባል፣ በፖስታ ትእዛዝ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት “ፕሮም ብላስተር” የሚል መሣሪያ ገበያ ላይ አዋለ። ዋጋው 119 ዶላር ነበር። ሥራው የአታሪ 2600 ጌም ካሴቶችን መገልበጥ ነው፤ በአንድ ወገን ዋናውን ካሴት፣ በሌላ ወገን ባዶውን ይሰኩበታል። ድርጅቱ ባዶ ካሴትም ይሸጣል። አታሪ ከሰሰ። ድርጅቱ አንቀጽ 117ን መዘዘ፦ ሕጉ መጠባበቂያ ፈቅዷል፣ እኔ የሸጥኩት ሕጉ የፈቀደውን ማድረጊያ ነው አለ።

ካሴቱን በእጃችን እንያዘው። ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ቢፈታ ውስጡ አነስተኛ ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ቺፕ ይገኛል። ብዙዎቹ ጌሞች 4 ኪሎባይት ናቸው፤ ዛሬ በስልክ ከምንልከው አንድ ፎቶ በብዙ መቶ እጥፍ ያንሳሉ። ፕሮግራሙ ፋብሪካ ውስጥ ቺፑ ላይ ተቀርጾ ወጥቷል። እንደ ፍሎፒ ዲስክ በማግኔት አይጠፋም፣ በስህተት በላዩ አይጻፍበትም። ፍርድ ቤቱም የያዘው ይህንኑ ነው። ኮሚሽኑ መጠባበቂያን የፈቀደው ለመካኒክና ለኤሌክትሪክ ብልሽት ነው፤ የአታሪ ካሴት በነዚህ አይጠቃም፤ ስለዚህ አንቀጽ 117 አይመለከተውም። ካሴቱ ሊሰበር ወይም ሊቃጠል ይችላል ቢባል፣ ያ መጽሐፍንም የሚያገኝ አደጋ ነው፤ መጽሐፍ ይቃጠላል ተብሎ ደግሞ ማንም ቅጂ እንዲያወጣ አልተፈቀደም። በ1983 መጨረሻ በፕሮም ብላስተር ሽያጭ ላይ የእግድ ትእዛዝ ወጣ።

ሻጩ ንጹሕ ነው ለማለት አልችልም። 119 ዶላር ከፍሎ ያን መሣሪያ የሚገዛ ሰው፣ አብዛኛው፣ ከጎረቤቱ ካሴት ተውሶ ሊገለብጥ መሆኑን ዳኛው አይቶታል፤ ያየውም ትክክል ነው። ቅር የሚለኝ ምክንያቱ ነው። ሕጉ ራሱ ስለ ብልሽት ዓይነት አንዲት ቃል አልጻፈም፤ “ለመጠባበቂያ” ብቻ ነው የሚለው። ፍርዱ በሕጉ ያልተጻፈውን ገደብ ከሪፖርቱ ቀድቶ አመጣ። “ቺፕ አይበላሽም” የሚለው እምነትም ዕድሜው አጭር ሆነ።   ኋላ ከመጡት የኒንቴንዶ ካሴቶች አንዳንዶቹ ጨዋታው የደረሰበትን የሚያስታውሱት በውስጣቸው በተበየደ ትንሽ ባትሪ ነበር፤ ባትሪው ሲያልቅ ልጁ ወር ሙሉ የደከመበት አብሮ ያልቃል።

በጃንዋሪ 1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ ሶኒ የቪዲዮ መቅጃ በመሸጡ አይጠየቅም ብሎ ወሰነ። አንድ መሣሪያ ጉልህ ሕጋዊ ጥቅም እስካለው ድረስ፣ ሌላው ሰው ለሕገወጥ ሥራ ስለተጠቀመበት ብቻ ሻጩ አይከሰስም የሚለው መርህ ከዚያ መጣ። ለመጠባበቂያ ቅጂ ይህ ትልቅ ዕድል ነበር፤ ፍሬውን ለማየትም አራት ዓመት ብቻ ፈጀ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ የኮምፒውተር ጌሞችና ፕሮግራሞች ፍሎፒ ዲስክ ላይ ይሸጡ ነበር። ፍሎፒ የሚያስፈራ ዕቃ ነው፤ ከስፒከር አጠገብ ቢቀመጥ ይደመሰሳል፣ ጣት ቢያርፍበት አልነበብም ይላል። አምራቾቹም ፈሩ፤ የነሱ ፍርሃት ግን ቅጂን ነው። ቮልት የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ፕሮሎክ የሚል ዲስክ ሠራላቸው። ዲስኩ መግነጢሳዊ ገጽ ላይ የማይደመሰስና የማይለወጥ ምልክት በአካል ይደረግበታል፤ “የጣት አሻራ” ይሉታል። ፕሮግራሙ ሲነሣ አሻራውን ይፈልጋል፤ ሲያጣ ይቆማል። ክዌይድ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ደግሞ በፕሮግራሙ ውስጥ ራምኪ በሚባል ክፍል ኮምፒውተሩ አሻራውን ያየ እንዲመስለው አደረገ። ተካሰሱ። በጁን 1988 የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለክዌይድ ፈረደ፤ ራምኪ ሰዎች አንቀጽ 117 የሰጣቸውን መጠባበቂያ እንዲያዘጋጁ ያስችላል፣ ያ ደግሞ ጉልህ ሕጋዊ ጥቅም ነው አለ። በዚያው ፍርድ “መጠባበቂያው የተፈቀደው ለመካኒክና ለኤሌክትሪክ ብልሽት ብቻ ነው” የሚለውንም ክርክር አልቀበልም አለ፤ በሕጉ ላይ እንዲህ ያለ ገደብ አልተጻፈምና።

የመጠባበቂያ ቅጂ ከፍ ብሎ የታየው ያን ጊዜ ነው። በሜይ 1991 የአውሮፓ ማኅበረሰብም የሶፍትዌር መመሪያውን አወጣ፤ ፕሮግራሙን የመጠቀም መብት ያለው ሰው፣ ለአጠቃቀሙ አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ፣ መጠባበቂያ ቅጂ እንዳያዘጋጅ በውል ሊከለከል አይችልም የሚል። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ቁልቁለት ነው፤ የሚጀምረውም ከአንዲት ጥቁር ሲዲ ነው።

ሶኒ በዲሴምበር 1994 ጃፓን ውስጥ ፕሌይስቴሽንን አወጣ። ጌሙ ሲዲ ላይ ነው፤ የሲዲው ሆድ ጥቁር ነው። በዚያ ዘመን ሲዲ መጻፊያ እየረከሰ ስለነበር ቅጂውን ማውጣት ለማንም ቀላል ሆነ። ታዲያ ለምን አይሠራም? ሚስጥሩ ጥቁሩ ቀለም አልነበረም። ሲዲ ላይ መረጃው የሚጻፍበት ጠመዝማዛ መስመር አለ፤ ሶኒ ፋብሪካ ውስጥ በዲስኩ መነሻ ላይ ያንን መስመር በጣም በትንሹ እንዲወዛወዝ አደረገው። በውዝዋዜው ውስጥ አራት ፊደላት ተደብቀዋል፤ የጃፓን፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ዲስኮች የየራሳቸው አራት ፊደል አላቸው። ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። በሱቅ የሚሸጠው ባዶ ሲዲ መስመሩ ቀድሞ ተሠርቶ ስለሚመጣ ማንም መጻፊያ ያን ውዝዋዜ ሊደግመው አይችልም። ስለዚህ ቅጂው ከዋናው ጋር በእያንዳንዷ መረጃ እኩል ቢሆንም ማሽኑ አላውቅህም ይለዋል። በሕጋዊ መንገድ ከጃፓን የተገዛን ዋና ዲስክም የአሜሪካው ማሽን ያንኑ ይለዋል።

መልሱ ቺፕ ሆነ። ጥፍር የምታህል ቺፕ ሰሌዳው ላይ በጥቂት ሽቦ ትበየዳለች፤ ማሽኑ አራቱን ፊደላት ሲጠብቅ እሷ ትነግረዋለች። አዲስ አበባ ሰፈራችን ውስጥ በነበረው ፕሌይስቴሽን ቤት የተጫወትንባቸው ማሽኖች ሁሉ ቺፕ የገባላቸው ነበሩ። በጨዋታ እየከፈልን ተሰልፈን ስንጠብቅ ዲስኩ በመሀል ይደርቃል፤ ባለቤቱ አውጥቶ በሸሚዙ ያብሰዋል፣ አልሆን ሲል በጥርስ ሳሙና ያሸዋል፣ ያም አልሆን ሲል ከመሳቢያው ሌላ ቅጂ ያወጣል። ኦሪጅናሉን ዲስክ በዓይኔ ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የጌሙ ሠሪዎች ከዚያ ቤት አንድ ሳንቲም እንዳላገኙ አሁን አውቃለሁ፤ ልክ አልነበረም። ጭረት ግን ኦሪጅናሉን ከቅጂው አይለይም፤ አምስት መቶ ጊዜ የገባና የወጣ ዲስክ ማንም ይሥራው ማን ይቧጨራል። መሳቢያ ውስጥ ቅጂ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ የተማርኩት እዚያ ነው።

ዲሴምበር 20 ቀን 1996 በጄኔቫ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የቅጂ መብት ስምምነት ጸደቀ። አባል አገሮች ደራሲያን በሥራቸው ላይ የሚያደርጉትን ቴክኒካዊ ቁልፍ ከመስበር በሕግ እንዲከላከሉ አዘዘ። አሜሪካ ይህን ወደ ሕጓ ያስገባችው ኦክቶበር 28 ቀን 1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በፈረሙት የዲጂታል ሚሌኒየም ሕግ ነው። አዲሱ አንቀጽ 1201 ከቅጂ መብት ጥሰት የተለየ አዲስ ጥፋት ፈጠረ፤ ቁልፍ መስበርን፣ መስበሪያ መሥራትንና መሸጥን። በአንቀጽ 117 ያለውን የመጠባበቂያ ፈቃድ የነካው ሰው የለም፤ መጠባበቂያ ቅጂ እንደተፈቀደ ቀረ። ዳሩ ግን ወደ ቅጂው የሚያደርሰው በር የተቆለፈ ከሆነ፣ በሩን መክፈት ራሱን የቻለ ጥፋት ሆነ። ወራሽነትህ ጸድቋል፣ ወደ ግቢው ግን አትገባም እንደማለት ነው።

ለሕጉ ማስተንፈሻ ተብሎ አንድ ሥርዓት ተቀመጠለት፤ በየሦስት ዓመቱ የቅጂ መብት ቢሮው አቤቱታ ሰምቶ፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ከክልከላው ነፃ የሚሆኑትን ይወስናል። በ2003 በኢንተርኔት አርካይቭ ጥያቄ፣ ጊዜ ባለፈባቸው ዕቃዎች ላይ ያሉ ፕሮግራሞችና ጌሞች ነፃ ወጡ። በ2006 ፈቃዱ ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት ብቻ እንዲሆን ጠበበ። በ2010 ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ የለም።

በዚህ መሀል ጉዳዩ ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ። ሲድኒ ውስጥ ስቲቨንስ የተባለ ሰው የፕሌይስቴሽን ቺፕ እየሸጠና እየገጠመ ተገኝቶ ሶኒ ከሰሰው። ስቲቨንስ የተባዙ ጌሞችንም ሸጧል፤ ስለዚህ የዚህ ታሪክ ጀግና አድርጌ አላቆመውም። የተነሣው የሕግ ጥያቄ ግን ከእሱ በላይ ነበር። የአውስትራሊያ ሕግ የሚጠብቀው የቅጂ መብት ጥሰትን የሚከላከል ወይም የሚገታ ቁልፍን ነው። የፕሌይስቴሽን ቁልፍ መገልበጥን ይከላከላል? አይከላከልም። ዲስኩን ማንም ይገለብጠዋል፤ ቁልፉ የሚከለክለው ከዚያ በኋላ መጫወትን ነው። መጫወት ደግሞ ጥሰት አይደለም። በ2002 የመጀመሪያው ዳኛ ለስቲቨንስ ፈረደ፣ በ2003 ይግባኝ ሰሚው ለሶኒ ገለበጠው፣ ኦክቶበር 6 ቀን 2005 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ ወደ ስቲቨንስ መለሱት። በኔ ንባብ በዚህ ረጅም ክርክር ውስጥ ሕጉን ከነአጥንቱ ለይቶ ያየ ፍርድ ይህ ነው። የቆየው ግን ከአንድ ዓመት ብዙም አይበልጥም። አውስትራሊያ ከአሜሪካ ጋር የነፃ ንግድ ስምምነት ተፈራርማ ነበርና በ2006 ሕጓን አሻሽላ፣ መድረሻን የሚቆጣጠር ቁልፍም እንዲጠበቅ አደረገች።

2004 ሁለት የሚቃረኑ ነገሮች ተቀራርበው የሆኑበት ዓመት ነው። ሚዙሪ የነበረው 321 ስቱዲዮስ የዲቪዲ ፊልም መገልበጫ ሶፍትዌር ይሸጥ ነበር። በፌብሩዋሪ 2004 የካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ሱዛን ኢልስተን፣ ደንበኞቹ በሕጋዊ መንገድ ቢጠቀሙበትም እንኳ ቁልፍ ሰባሪ መሣሪያ መሸጥ አይፈቀድም ብላ ከለከለችው። ኩባንያው በዚያው ዓመት የጌም መገልበጫም አውጥቶ ነበር፤ አታሪ፣ ኤሌክትሮኒክ አርትስና ቪቬንዲ ተባብረው ከሰሱት። በኦገስት በሩን ዘጋ። በ1988 ክዌይድን ያዳነው ክርክር በ2004 ማንንም አላዳነም። ሕጋዊ ጥቅም መኖሩ የመሣሪያውን ሻጭ ከቅጂ መብት ክስ ያወጣዋል፤ ከአንቀጽ 1201 ግን አያወጣውም።

321 ስቱዲዮስ ሊዘጋ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው፣ በሐምሌ 1996 ዓ.ም፣ የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ታተመ። አንቀጽ 14 በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት፣ ያለ ደራሲው ፈቃድ፣ አንድ ቅጂ ለመጠባበቂያ ማዘጋጀት ይችላል፤ የገዛው ቢጠፋ፣ ቢወድም ወይም መሥራት ቢያቅተው እንዲተካበት። ይዞታው ሕጋዊ መሆኑ ሲያበቃ ቅጂውም ይጠፋል። የ1980ው የአሜሪካ ሐሳብ ከነመንፈሱ ገብቷል፤ “ቢጠፋ” የሚለው በግልጽ በመጻፉ እንዲያውም የኛው ይሰፋል፤ በአታሪ ካሴት ላይ የተነሣው ክርክር እዚህ መግቢያ አያገኝም። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ግን አላጋጠመኝም።

አውሮፓ ጥያቄውን በሌላ በኩል ገባበት። ፒሲ ቦክስ የተባለ የጣሊያን ሻጭ የኒንቴንዶን ማሽኖች ቁልፍ የሚያልፍ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ክርክሩ ሉክሰምበርግ ደረሰ፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 23 ቀን 2014 በሰጠው ፍርድ ቪዲዮ ጌም የኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ አይደለም አለ፤ ሥዕልም ድምፅም ያለበት፣ የራሱ የፈጠራ ዋጋ ያለው ውስብስብ ሥራ ነው። ለጌም ሠሪዎች ክብር ነው፤ ሲያንሳቸው ነው። ለገዢው ግን ዋጋ አስከፈለው፤ ጌሙ ከ1991ዱ የሶፍትዌር መመሪያ ጥላ ወጥቶ በ2001 በወጣው፣ ለቁልፍ ጠንካራ ጥበቃ በሚሰጠው መመሪያ ሥር ገባ። ፍርድ ቤቱ አንድ በር ክፍት ትቷል፤ ቁልፉ ከተገቢው በላይ የሚከለክል መሆን አለመሆኑን፣ መሣሪያውንም ሰዎች በእርግጥ ለምን እንደሚጠቀሙበት የየአገሩ ዳኛ ይመዝን አለ። በ2016 ይኸው ፍርድ ቤት ከላትቪያ በመጣ ጉዳይ ደግሞ፣ ዋናው ዲስክ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋም መጠባበቂያ ቅጂውን ለሌላ ሰው መሸጥ አይቻልም ብሎ ወሰነ። መጠባበቂያ ለባለቤቱ እንጂ ለገበያ አይደለም፤ እዚህ ላይ ከፍርድ ቤቱ ጋር ነኝ።

በነዚህ ሁሉ ክሶች ውስጥ የተከሰሰው መሣሪያ ወይም የተባዛ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ልጁ የሚወደውን ጌም ገልብጦ ቁም ሣጥን ውስጥ ያኖረ አባት አይደለም። ይህ ያጽናናል፤ ግን ግማሽ ማጽናኛ ነው። አባትየው በራሱ ቤት ቁልፉን የሚከፍትበት መሣሪያ ከሕጋዊ ገበያ ከጠፋ፣ የተፈቀደለት ነገር ከእጁ እንደራቀ ይኖራል።

በ2015 በአሜሪካው የየሦስት ዓመት ሥርዓት ትንሽ ብርሃን ታየ። ጌሙ ለመነሣት ከኩባንያው ሰርቨር ፈቃድ የሚጠይቅ ሆኖ ኩባንያው ሰርቨሩን ሲዘጋ፣ ገዢው ያን ቁልፍ አልፎ ቤቱ መጫወት እንዲችል ተፈቀደ። በጌም ማሽኖች ላይ ግን የማሽኑን ቁልፍ መክፈት የተፈቀደው ለቤተ መጻሕፍት፣ ለቤተ መዛግብትና ለሙዚየም ብቻ ነው። በጁላይ 2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ያኔ በገበያ አይገኙም ነበር። ሠሪው አይሸጣቸውም፣ ዲስኩ ያረጃል፣ ማሽኑ ይበላሻል።

ከዚያ 2024 መጣ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን ኒንቴንዶ፣ ስዊች ለተባለው ማሽኑ የተሠሩ ጌሞችን ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውተውን ዩዙ የተባለ ፕሮግራም የሠራውን ኩባንያ ሮድ አይላንድ ውስጥ ከሰሰ። ከኒንቴንዶ የዜልዳ ጌሞች አንዱ ገና ለሽያጭ ሳይበቃ ሾልኮ ወጥቶ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ መውረዱን ክሱ ይናገራል፤ ስድስት ዓመት የለፉበትን ሥራ በዚያ መልክ ማየት ለሠሪዎቹ ምን ያህል እንደሚያም ለመረዳት አይከብድም። ክሱ ግን ከሌቦቹ አልፎ ይሄዳል። የስዊች ጌም በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ነው፤ የገዛሁትን ካርድ ገልብጬ ልጫወት ያለ ሰውም ያንን ምስጢር ከገዛ ማሽኑ ሰብሮ ማውጣት አለበት፤ ስለዚህ ዩዙን በሕጋዊ መንገድ መጠቀሚያ ዘዴ የለም ይላል ክሱ። ፍርድ ቤት ይህን ሳይመረምር ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ማርች 4 ቀን ዩዙ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍልና ሊዘጋ ተስማማ። ከክሱ እስከ ስምምነቱ አንድ ሳምንት ነው። በኦክቶበር ደግሞ ተመራማሪዎች ከገበያ የጠፉ ጌሞችን ከቤተ መጻሕፍት በርቀት እንዲያዩ የቀረበው ጥያቄ ውድቅ ሆነ። የቅጂ መብት ቢሮው የሰጋው ሰዎች ለመዝናኛ ይጫወቱባቸዋል ብሎ ነው።

ጁን 5 ቀን 2025 ኒንቴንዶ ስዊች 2ን ለሽያጭ አቀረበ። ከጌሞቹ አንዳንዶቹ ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ቁልፍ ብቻ በያዘ ካርድ ነው። ሣጥኑ አለ፣ ካርዱም አለ፤ ጌሙ ግን ካርዱ ውስጥ የለም። ገዢው ካርዱን ሲያስገባ ማሽኑ ጌሙን ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ካወረደ በኋላም ለመጫወት ካርዱ መሰካት አለበት።

ስለዚህ ጌም የምትገዙ ሰዎች፣ በተለይ ለልጆቻችሁ የምትገዙ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የሣጥኑን ፊት አንብቡ፤ ካርዱ ቁልፍ ብቻ ከሆነ እዚያው ላይ ተጽፏል። ያሏችሁን የድሮ ዲስኮችና ካሴቶች አትጣሉ። የአእምሯዊ ንብረት ጉዳይ የሚመለከታችሁ የአገራችን ሕግ አርቃቂዎችም፣ ወደፊት ስለ ቁልፍ ጥበቃ የሚደነግግ ረቂቅ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ፣ አንቀጽ 14ን አጠገቡ አስቀምጣችሁ አንብቡት። ቁልፉን ስትጠብቁ፣ የገዛውን አንድ ጊዜ ለራሱ የሚገለብጠውን ሰው በስም ጠርታችሁ ነፃ አውጡት።